ጠላት ደስ አይበለው

የአላባማዋ አገረ ገዢ ኬይ አይቪ በኖቬምበር 2017 የተናገረችውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩ።) የፓርቲዋ የሴኔት ዕጩ ሮይ ሙር በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሳለ ለጋ ልጃገረዶችን ይከታተል ነበር፣ አንዷን ደግሞ በ14 ዓመቷ ነካክቷታል የሚል ዘገባ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ወጥቶ አገሩ ተንጫጭቷል። ሙር ሁሉንም ክዷል። ጋዜጠኞች አይቪን ያዟትና ጠየቋት። ሴቶቹን የማላምንበት ምክንያት የለኝም አለች። እሺ። ቀጥላ ደግሞ፣ ድምፄን ግን የምሰጠው ለእሱ ነው አለች። ምክንያቷ? የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሲሾሙ እጁን የሚያወጣ ሪፐብሊካን ሴኔት ውስጥ ያስፈልገናል።

ሰው ሁሉ ወረደባት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ካየሁት ጉድ ጋር ሳስተያያት ሴትየዋን ማክበር ይዳዳኛል። ቢያንስ አልዋሸችም። ሌሎቹ "ሂደቱ ይጠበቅ"፣ "ማንም ሰው በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥበት ንጹሕ ነው"፣ "እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝና በጣም አዝኛለሁ" እያሉ ጠቅልለው የሚያቀርቡትን እሷ ሳትጠቀልል አስቀመጠችው።

ፖለቲከኞች በገዛ ፓርቲያቸው ሰው ላይ የፆታዊ ጥቃት ወይም የትንኮሳ ክስ ሲመጣ የሚሉትን ለዓመታት ስከታተል ከርሜያለሁ። ሥራዬ ሆኖ ሳይሆን አመል ሆኖብኝ ነው። እናም አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። "አድርጎታል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው "እሱ ከወረደ ወንበሩን ማን ይይዘዋል?" የሚለው ነው። ለዚህኛው መልሱን ካወቅክ፣ የፓርቲው መግለጫ ገና ሳይወጣ ምን እንደሚል ልትጽፍላቸው ትችላለህ።

ሙርን እንጨርስ። ዘገባው ሲወጣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስሙ ከመግባቱም በላይ ምርጫው የቀረው አንድ ወር ገደማ ነበር። በሌላ ሪፐብሊካን መተካት አይቻልም። ስለዚህ ወይ ሙር ነው፣ ወይ ዲሞክራቱ ዳግ ጆንስ። የአላባማው ኦዲተር ጂም ዚግለር ወጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? ማርያምም እኮ ወጣት ነበረች፣ ዮሴፍም ትልቅ ሰው ነበር፣ የኢየሱስ ወላጆችም ሆኑ አለ። ይህን ሳነብ አማተብኩ። እናቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን ብዬ ደሞ ሳቅኩ። ሰው የፓርቲውን ወንበር ለማዳን እመቤታችንን ምስክር አድርጎ እስከ መጥራት ይደርሳል።

በሌላ በኩል የሴኔቱ ሪፐብሊካን መሪ ሚች ማኮኔል "ሴቶቹን አምናቸዋለሁ" ብሎ ሙር ይውጣ አለ። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴም ገንዘቡን አቋረጠ። ደግ። ከዚያ ዲሴምበር ገባ፣ ዶናልድ ትራምፕ ሙርን እደግፋለሁ አለ፣ ኮሚቴውም በዚያው ቀን ተመልሶ ገባ። ሴቶቹ በመሀል ቃላቸውን አልቀየሩም። የተቀየረው የምርጫው ቀን መቅረቡ ነው። የአላባማው ነባር ሴናተር ሪቻርድ ሼልቢ ብቻ ለሙር አልመረጥኩም፣ የሌላ ሪፐብሊካን ስም በእጄ ጽፌ መረጥኩ ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። ሙር በወደ 22,000 ድምፅ ተሸነፈ። የሌላ ሰው ስም በእጃቸው ጽፈው የመረጡትም ቁጥራቸው ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ሼልቢ በዚያች ንግግሩ ምን እንዳደረገ እናንተው ገምቱ።

በዚያው ሰሞን፣ እንዲያውም በዚያው ወር፣ የሚኒሶታው ዲሞክራት ሴናተር አል ፍራንከን ጉዳይ ወጣ። አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ በ2006 ወታደሮችን ለማዝናናት አብረን ስንጓዝ ያለፈቃዴ ሳመኝ አለች። ተኝታ ሳለ እጁን ወደ ደረቷ ዘርግቶ የተነሳውን ፎቶም አወጣች። ሌሎች ሴቶችም ተከተሉ። ፍራንከን ራሱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመርምረኝ አለ። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ዲሴምበር 6 ጠዋት የኒውዮርኳ ሴናተር ከርስተን ጂሊብራንድ ይልቀቅ አለች፣ እስከ ማታ ከ30 በላይ ዲሞክራት ሴናተሮች ተከተሏት፣ በማግሥቱ ፍራንከን እለቃለሁ አለ።

ዲሞክራት ወዳጆቼ ይህን የልዩነታችን ማሳያ አድርገው ያነሱታል። እነሱ ሙርን ያዙ፣ እኛ ፍራንከንን ለቀቅን ይላሉ። እውነት ነው። ግን እስቲ ሚኒሶታን እዩአት። የዚያን ጊዜው አገረ ገዢ ማርክ ዴይተን ዲሞክራት ነበር። ሴናተር ሲለቅ የሚተካውን የሚሾመው እሱ ነው። ቲና ስሚዝን ሾመ፣ ወንበሩ ለአንድ ቀን እንኳ ከፓርቲው እጅ አልወጣም። አገረ ገዢው ሪፐብሊካን ቢሆን ኖሮ እነዚያ 30 ሰዎች በአንድ ቀን ይሰለፉ ነበር? እኔ አይመስለኝም። አምስት ስድስቱ ይሰለፉ ይሆናል፣ የቀሩት "የኮሚቴው ምርመራ ይጠናቀቅ" ይሉ ነበር። ይህ ግምቴ ነው፣ ግን ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ ሰባት በሥራ ላይ ያሉና የቀድሞ ሴናተሮች ያኔ ቸኩለናል፣ ተጸጽተናል ብለው መናገራቸው ግምቴን ያጠነክርልኛል። ጂሊብራንድን ደሞ የፓርቲው ገንዘብ ሰጪዎች ቂም ያዙባት። በ2019 ለፕሬዚዳንትነት ስትወዳደር በየደረሰችበት ስለ ፍራንከን ትጠየቅ ነበር። ፍራንከን አደረገ ስለተባለው ሳይሆን እሷ ስላለችው!

ስለ ጂሊብራንድ ካነሳን አይቀር፣ በዚያው ኖቬምበር 2017 ቢል ክሊንተን የሞኒካ ሌዊንስኪ ጉዳይ የወጣበት ጊዜ ከሥልጣን መልቀቅ ነበረበት ብላለች። ሃያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የሂላሪን የሴኔት ወንበር ወርሳ፣ ክሊንተኖቹ ደግፈዋት፣ እነሱ ከሥልጣን ወርደው የሚጎዱትም የሚጠቅሙትም ነገር ሲያልቅ። እውነቱን መናገሯን አልጠላሁም። ግን ዋጋው ከወደቀ በኋላ የተገዛ እውነት ነው።

የወንበሩን ሒሳብ በደንብ የተማርኩት ግን እዚሁ ሰፈሬ ነው።

በ2019 ፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ቨርጂኒያ የነበረ ሰው ያንን ሳምንት አይረሳውም። አርብ ዕለት የአገረ ገዢው የራልፍ ኖርዘም የሕክምና ትምህርት ቤት የመታሰቢያ መጽሔት ገጽ ወጣ። አንዱ ጥቁሮች ላይ ለማላገጥ እንደሚደረገው ፊቱን በጥቁር ቀለም ለቅልቆ፣ ሌላው የነጭ ዘረኞቹን የኩ ክለክስ ክላንን ነጭ ልብስ ለብሶ የተነሱት ፎቶ። ማታውኑ ይቅርታ ጠየቀ። በነጋታው ደሞ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም፣ እኔ ፊቴን ያጠቆርኩት ሌላ ጊዜ ማይክል ጃክሰንን ለመምሰል ነው አለ። አንድ ጋዜጠኛ እንደ ማይክል ወደ ኋላ መንሸራተት ትችላለህ ወይ ሲለው ሊያሳይ የቃጣው መሰለ፣ ሚስቱ ከጎኑ ሆና ከለከለችው። ዲሞክራቶቹ በአንድ ድምፅ ውረድ አሉት። ለምን አይሉት? እሱ ከወረደ የሚተካው ምክትሉ ጀስቲን ፌርፋክስ ነው። ወጣት፣ ጥቁር፣ አንደበተ ርቱዕ፣ የራሳቸው ሰው።

ከዚያ ምክትሉ ላይ ወሬ መጣ። ሳምንቱ ሳያልቅ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት በ2004 ቦስተን ላይ በተደረገው የዲሞክራቶች ጉባኤ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ጥቃት አድርሶብኛል አለች። አርብ ሌላ ሴት በ2000 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን ደፍሮኛል አለች። ፌርፋክስ ሁለቱም በስምምነት የሆነ ነው ብሎ ካደ፣ የወንጀል ክስም አልተመሠረተበትም። በመሀል ደግሞ ሦስተኛው ሰው፣ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማርክ ሄሪንግ፣ ማንም ሳይጠይቀው ወጥቶ እኔም ተማሪ ሳለሁ ፊቴን አጥቁሬ አውቃለሁ አለ።

አሁን ቁጠሩ። አገረ ገዢው ከወረደ ምክትሉ። ምክትሉም ከወረደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ። ሦስቱም ከወረዱ? የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኪርክ ኮክስ። ኮክስ ደግሞ ሪፐብሊካን ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያስቀው ኮክስ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠበት መንገድ ነው። በ2017ቱ የምክር ቤት ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ በምትባል ከተማ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አመጡ። በሕጉ መሠረት ዕጣ ወጣ። ስማቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ የሪፐብሊካኑ ወጣ፣ ምክር ቤቱም 51 ለ49 ሆነ። ያ ዕጣ በሌላኛው ቢወጣ ኖሮ ኮክስ አፈ ጉባኤነቱን ማግኘቱ እንጃ።

ሄሪንግ ከተናገረባት ቀን ጀምሮ ቁጣው እንዴት እንደበረደ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። "ዛሬውኑ ውረድ" ሲሉ የነበሩ ሰዎች ስለ "መማሪያ ጊዜ" እና ስለ "እርቅ" ማውራት ጀመሩ። ፌርፋክስ ላይ ግን ሁለተኛዋ ሴት ከተናገረች በኋላ ሁሉም ማለት ይቻላል ይልቀቅ ብለዋል። በቃል። አንድ ዲሞክራት የምክር ቤት አባል እስከ ሰኞ ካልለቀቀ ከሥልጣን የማንሻ ክስ አቀርባለሁ ብሎ ነበር፣ ሰኞ ሲደርስ ተወው። ሦስቱም ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን እስከ ጃንዋሪ 2022 ጨርሰው ነው የወጡት።

በዚያ ሰሞን ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው አሌክሳንድሪያ ቡና ቤት ውስጥ ሲከራከሩ፣ "እና ሦስቱም ይውረዱና ግዛቱን ለሪፐብሊካን ያስረክቡልህ? መታወቂያ፣ ኢንሹራንስ፣ የልጆቻችን ነገር ምን ይሁን?" አሉ። ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ፣ በቨርጂኒያ የተስፋፋው ገና በዚያው ጃንዋሪ ነበር፣ በኖርዘም ፊርማ። ክፍሉ ውስጥ የሚጠቀምበት ዘመድ የሌለው ሰው አልነበረም። ደግሞ ሌላም እሾህ ነበረበት። ፊቱን ያጠቆረው ነጭ ተቀምጦ ጥቁሩ ብቻ ይባረር ወይ የሚል። ይህን ጥያቄ የማያነሳ ጥቁር ቨርጂኒያ ውስጥ አልነበረም፣ ልክም ነበሩ። ፌርፋክስ ግን ይህን ልክ የሆነ ጥያቄ አንስቶ ጋሻ አደረገው። ሴኔቱ መድረክ ላይ ቆሞ ያለፍርድ በመንጋ ስለተሰቀሉ ጥቁሮች አነሳ። ከሳሾቹ ሁለቱም ጥቁር ሴቶች ናቸው። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የሁለቱ ሴቶች ነገር ወዴት ሄደ? የግዛቱ ምክር ቤት ቃላቸውን በአግባቡ ሳይሰማ ነው ዘመኑ ያለቀው። ሪፐብሊካኖቹ ቃላቸው የሚሰማበት ጉባኤ እንጥራ ሲሉ ዲሞክራቶቹ ለፖለቲካ ነው አሉ። ሪፐብሊካኖቹም ለፖለቲካ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሴቶቹ ግን ሳይሰሙ ቀሩ።

ይህ የአሜሪካኖች በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አካባቢ ለአገር ቤት ጉዳይ ገንዘብ የሚያሰባስብ አንድ ኮሚቴ ውስጥ አገለግል ነበር። ስሙን አልጠራም። አንዲት ወጣት በጎ ፈቃደኛ፣ ከዝግጅት በኋላ ላድርስሽ እያለ መኪና ውስጥ ስለሚነካካት ሰው ተናገረች። ሰውየው ማይክ ሲጨብጥ አዳራሹን የሚያስለቅስ፣ ቼክ የሚያስጽፍ ሰው ነው። ስብሰባ ተጠራ። አንድ ታላቃችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ጠላት ደስ አይበለው" አሉ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ። በየዝግጅቱ ወጥ የሚሠሩልን አንዲት እትዬ ብቻ ከኋላ ሆነው፣ "ጠላት እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ልጅቷን የነካት ወዳጅ ነው" አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ልጅቷ መምጣት አቆመች። ሰውየው በሚቀጥለው ዝግጅት ማይኩን ይዞ ነበር።

እዚያ ክፍል የነበረው ሰው ሁሉ ክፉ አልነበረም። አብዛኛው እኮ ልጅቷን አምኗታል፣ ልክ እንደ አይቪ። ሒሳቡ ነው ያሸነፋቸው። እሱ ከሄደ ማን ቼክ ያስጽፋል? ሕጉም ቢሆን አገር ቤት አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሴትን ጥገኝነት ተጠቅሞ መድፈርን ይቀጣል፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሥራ ቦታ ትንኮሳን ይከለክላል (እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ግን "የእኛ ሰው" የሚባል ነገር ሲመጣ ሕጉ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ወደ እንግሊዝ ልሻገር፣ ምክንያቱም እዚያ ሒሳቡ የተሠራው በወንበር አልነበረም፤ በውለታ ነው። ክሪስ ፒንቸር ወግ አጥባቂ የፓርላማ አባልና ምክትል የመንግሥት ዋና ተጠሪ ነበር። የተጠሪዎቹ ሥራ አባላቱ በፓርቲው መስመር ድምፅ እንዲሰጡ ማድረግ ነው፣ ከዚያ ጎን ደግሞ ሥነ ምግባራቸውንና ደህንነታቸውን መጠበቅ። ማለትም አንድ ወጣት አባል ወይም ሠራተኛ ተነካሁ ብሎ ቢያለቅስ ከሚሄድባቸው በሮች አንዱ የእነሱ ነው። ጁን 29 ቀን 2022 ማታ ፒንቸር ለንደን ውስጥ ካርልተን ክለብ በሚባለው የፓርቲው ሰዎች መሰብሰቢያ በጣም ጠጥቶ ሁለት ወንዶችን ነካካ ተባለ። በማግሥቱ ከሹመቱ ለቀቀ።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ጥያቄው ግን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ሲሾመው የሰውየውን አመል ያውቅ ነበር ወይ የሚል ሆነ። ያን ሰሞን የወጡትን መልሶች በተራ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚያውቁት የተለየ ክስ የለም ተባለ። እሑድ ሚኒስትሯ ቴሬዝ ኮፊ ቴሌቪዥን ላይ ይህንኑ ደገመች። ሰኞ ሚኒስትሩ ዊል ክዊንስ ተላከ፣ እሱም አረጋግጠውልኛል ብሎ ያንኑ አለ። በዚያው ቀን ማታው ሳይደርስ ቃል አቀባዩ፣ እልባት ያገኙ ወይም መደበኛ አቤቱታ ያልሆኑ ነገሮችን ያውቁ ነበር አለ። ማክሰኞ ጠዋት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ከፍተኛ ሲቪል ሠራተኛ ሎርድ ማክዶናልድ ደብዳቤ ጽፎ አወጣው። በ2019 በፒንቸር ላይ አቤቱታ ቀርቦ እንደነበር፣ ተመርምሮ እውነት ሆኖ እንደተገኘና ለጆንሰን በአካል እንደተነገረው ጻፈ። ከዚያ የመጣው መልስ ደግሞ፣ ረስተውት ነው የሚል ሆነ።

ያን ማክሰኞ ማታ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክና የጤና ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ ለቀቁ። ረቡዕ ክዊንስ ራሱ ለቀቀ፣ ውሸት አሸክመው ካሜራ ፊት እንደላኩት ገብቶት። ከዚያ ሚኒስትርና ረዳት ሚኒስትር እንደ ዶፍ ዝናብ ወረደ፣ ሐሙስ ጁላይ 7 ጆንሰን ከፓርቲው መሪነት እወርዳለሁ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ሥርዓቱ ሠራ ይላሉ። እኔ ግን ፒንቸር ለምን ተሾመ የሚለው ያሳስበኛል። በ2017 መጨረሻ በቀረበበት አቤቱታ ያኔም ከተጠሪነት ለቅቆ፣ ፓርቲው መርምሬ ነፃ አውጥቼዋለሁ ብሎት በወራት ውስጥ ተመልሷል። ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ቤቶች ሚኒስቴር። በ2022 መጀመሪያ ጆንሰን በኮሮና ጊዜ በተደረጉት ግብዣዎች ምክንያት ከወንበሩ ሊወርድ ሲንገዳገድ፣ አባላቱን እየዞረ ድጋፍ ከሰበሰቡለት ሰዎች አንዱ ፒንቸር ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ሹመቱ መጣ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ አንዳንዴ ደግሞ የጮኸ ይበላል። ሚኒስትሮቹም ቢሆኑ ያመፁት የካርልተን ክለቡን ነገር ሲሰሙ አልነበረም። ያመፁት ጆንሰን እነሱንም ሊያሰጥማቸው መሆኑን ሲያዩ ነው። እስከ ማክሰኞ ምሳ ድረስ ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ።

የደቡብ አፍሪካውን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄከብ ዙማ በ2005 መጨረሻ በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ፣ ሜይ 2006 ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቀው። ፍርዱ ፍርድ ነው። ከፍርድ ቤቱ ውጭ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሳሿ የትግል ጓዱ ልጅ ነበረች፣ እንደ አጎት ነው የማየው ያለችው ሰው ነው። የዙማ ደጋፊዎች ግማሾቹ ሴቶች ሆነው በየቀኑ በር ላይ እየዘፈኑ ፎቶዋን አቃጠሉ። እሷና እናቷ አገር ጥለው ኔዘርላንድስ ተሰደዱ። ፓርቲው ኤኤንሲ ደግሞ በ2007 መጨረሻ ዙማን መሪ አድርጎ መረጠ። ኦገስት 2016 ዙማ በምርጫው ውጤት መድረክ ላይ ሲናገር አራት ወጣት ሴቶች የከሳሿን የሽፋን ስም "ኩዌዚን አስታውሱ" ብለው ወረቀት ይዘው ከፊቱ ዝም ብለው ቆሙ። ቱግ ብለው የተነሱት የፓርቲው የሴቶች ሊግ ሰዎች ናቸው። ይህኛው ለእኔ ከሁሉም ይከብደኛል። እያንዳንዱ ፓርቲ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚያቆማት ሴት ቃል አቀባይ አለችው።

ለማስተካከል የሚሞከረው ነገር በጥቅሉ ያው ነው፣ አቤቱታውን ከፓርቲው እጅ ማውጣት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ2018 ከፓርቲዎች ውጭ የሆነ አቤቱታ ሰሚ አቋቁሟል። የአሜሪካ ኮንግረስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉን አሻሽሎ፣ ከሳሽ ከመክሰሷ በፊት ለሳምንታት ምክርና ሽምግልና እንድትቀመጥ የሚያስገድደውን አሠራር አንስቷል፣ በትንኮሳ ካሳ የተከፈለበት አባልም ገንዘቡን ከኪሱ እንዲተካ አድርጓል። ከዚያ በፊት የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነበር። የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ብሌክ ፋረንትሆልድ 84,000 ዶላር በመንግሥት ገንዘብ ተከፍሎበት እመልሳለሁ ብሎ ምሎ ሳይመልስ ነው ከምክር ቤቱ የሄደው። ዲሞክራቱ ጆን ኮንየርስ ላይ ክሱ ሲመጣ ደግሞ ናንሲ ፔሎሲ እሑድ ቴሌቪዥን ላይ "አርአያችን" ነው አለችው፣ ሐሙስ ይልቀቅ አለች። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ስልኳ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ማሰብ ነው።

አቤቱታ ሰሚው ግን ድምፅ አይሰጥም፣ ድጋፍም አይሰጥም። ይህን ያየሁት በአንድሩ ኩሞ ነው። የኒውዮርኩ አገረ ገዢ ላይ በ2021 ሴቶች በተራ ሲናገሩ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች መጀመሪያ ምርመራው ይጠበቅ አሉ። ማርች ላይ ብዙዎቹ ይልቀቅ አሉ። ኦገስት 3 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሌቲሺያ ጄምስ፣ እሷም ዲሞክራት፣ 11 ሴቶችን ተንኩሷል የሚል ሪፖርት አወጣች፣ ባይደንም ይልቀቅ አለ። በሳምንቱ እለቃለሁ አለ። ተተኪዋ ካቲ ሆከል ዲሞክራት ነበረች፣ ይህንንም ልብ በሉልኝ። ኩሞ ሁሉንም ይክዳል፣ የወንጀል ጉዳዮቹም አልተገፉበትም። በ2024 መጀመሪያ የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ከግዛቱ ጋር በደረሰበት ስምምነት ላይ ግን ቁጥሩ ቢያንስ 13 ሴቶች ሆኖ ሰፈረ።

ከሳሾቹ አንዷ በቢሮው ትሠራ የነበረች ያኔ የሃያዎቹ ዕድሜ ልጅ ነበረች። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰችው። የኩሞ ጠበቆች ሐኪም ዘንድ ያላትን መዝገብ፣ የማህፀን ሐኪሟን ሳይቀር፣ አምጪ አሏት። ጠበቆቹ የሚከፈላቸው ደግሞ ከግዛቱ ካዝና ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር። ዲሴምበር 2024 ክሱን ተወችው። በማርች 2025 ኩሞ ለኒውዮርክ ከንቲባነት እወዳደራለሁ አለ።

ከዚያ ድጋፉ ይጎርፍ ጀመር። በ2021 ይልቀቅ ካሉት ፖለቲከኞች አንዳንዶቹ በ2025 ይመረጥልን ብለው ፈረሙ። ቢል ክሊንተንም ደገፈው፣ ይህኛውን እንኳ ማንም አልገረመውም። ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ፣ ሰው ሁለተኛ ዕድል ይገባዋል የሚል ነበር፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላኛውን ሰው አይታችሁታል ወይ ይላሉ። ሌላኛው ካምፓላ የተወለደው፣ ያኔ የ33 ዓመቱ ዞራን ማምዳኒ ነበር። ማምዳኒ ጁን ላይ በዲሞክራቶቹ የውስጥ ማጣሪያ ምርጫ አሸነፈው። ኩሞ በግሉ ቀጠለ፣ በምርጫው ዋዜማ ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ፣ ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ኩሞን ምረጡ፣ አማራጭ የላችሁም አለ። ያቺ የአላባማዋ አገረ ገዢ ከስምንት ዓመት በፊት ያለችው ነው፣ አሁን ፓርቲ ተሻግሮ ኒውዮርክ ገብቶ። ኩሞ በዚያም ተሸነፈ፣ ክሱን የተወችው ልጅ ስም ግን እኔ ባየሁት የድጋፍ መግለጫ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም።